ጀርባቸው ለምን ጠቆረ? ከአፋቸው የወጣውስ ደም ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦

«አባታችን የ74 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ደም ግፊትና ስኳር ነበረባቸው። ሚያዝያ ላይ ሌሊት ቤታቸው ውስጥ አረፉ። የምታስታምማቸው የ19 ዓመት ልጅ ማታ 4 ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ሰጥታ፣ ጋቢ ደርባላቸው ተኛች። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጠርታን ስንገባ መንጋጭላቸው ደርቋል፣ ክንዳቸው አልታጠፍም ይላል፣ እግራቸው ግን ይታጠፋል፤ ብብታቸው ደግሞ ይሞቃል። ዘመዶች ሊያጥቧቸው ሲያገላብጧቸው ‹እህ› የሚል ድምፅ አወጡ። ጀርባቸው በሙሉ ሐምራዊ ሆኗል፤ ትከሻቸውና መቀመጫቸው ላይ ብቻ ያልጠቆረ ቦታ አለ። አክስቴ በጣቷ ስትጫነው ቀለሙ ይሸሽና ይመለሳል። እህታችን ከዱባይ እስክትደርስ ሳሎን አስቀመጥናቸው። በማግስቱ ጠዋት ሆዳቸው ተነፍቶ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ሆነ፤ ወደ እኩለ ቀን ከአፍና ከአፍንጫቸው ቀይ ፈሳሽ ወጣ። አጎቴ ‹ተደብድቧል፣ መርዝም አለበት፣ ሙቀት እያለው ዝም ብላ ተኝታለች› አሉ። ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጥታ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። አርባቸው ከወጣ ሳምንት ሆነ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስናገኛቸው በሕይወት ነበሩ? ልጅቷስ ያደረሰችባቸው ነገር አለ?»

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

እንቅልፍ የነሳዎትን አስቀድሜ ልመልስ። ማለዳ ገብታችሁ ስታዩአቸው አባትዎ ካረፉ ሰዓታት አልፈዋል። መንጋጭላው በዚህ መልክ የደረቀና ጀርባው የጠቆረ ሰው በሕይወት የለም፤ እነዚህ ሁለቱ ማንም ሐኪም የማይጠራጠርባቸው የሞት ምልክቶች ናቸው። ያን ሰዓት አምቡላንስ ደጃችሁ ቆሞ ቢሆን እንኳ የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

ስለ ልጅቷ ደግሞ፦ አስከሬኑን ስላላየሁ አባትዎ በምን እንደሞቱ ከዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም። ነገር ግን ከዘረዘሩልኝ ምልክቶች መካከል የሰው እጅ ያስፈልገዋል የምለው አንድም የለም። ሁሉም ሞት ራሱ፣ በሰላም አልጋው ላይ ባረፈ ሰው ገላ ላይ የሚያመጣቸው ናቸው። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ፈጥኖ ያመጣቸዋል። አስከሬን መርምሮ የሞትን ምክንያት በሚያጣራው የፎረንሲክ ሕክምና ሥራዬ፣ አዳማም ሆነ ቀደም ብሎ ሐዋሳ፣ በአስከሬን ክፍል በር ላይ የእናንተን ቤት ታሪክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚከሰሰውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አልጋው አጠገብ የነበረው ሰው ነው፦ ሠራተኛዋ፣ ምራቷ፣ እንጀራ እናት፣ አስታማሚው ልጅ። ስለዚህ መልሱን አላሳጥርም።

ከጀርባቸው እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚያጣላው እሱ ነው። ደምን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያሯሩጠው ልብ ነው። ልብ ሲቆም ደሙ እንደማንኛውም ፈሳሽ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በጀርባው ለተኛ ሰው ዝቅተኛው ቦታ ጀርባው፣ ማጅራቱ፣ የጭኑና የባቱ ሥር ነው። እዚያ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ኦክስጅን ባለቀበት፣ ጠቆር ባለ ደም ይሞላሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እዚህም እዚያም እንደ ነጠብጣብ ብቅ ይላል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነጠብጣቡ ተገናኝቶ ጀርባውን ይሸፍነዋል።

ታዲያ ትከሻቸውና መቀመጫቸው ለምን ሳይጠቁር ቀረ? የገላቸው ክብደት ያረፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ከፍራሹ ጋር የተጫነ ቆዳ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ተጨፍልቀው ስለሚዘጉ ደም አይገባባቸውም። የአንሶላ እጥፋት፣ የቀበቶ ጠርዝ፣ ከሥር የተረሳ የመቁጠሪያ ክር እንኳ በጠቆረው መሀል ገርጣ ያለ ቀጭን መስመር ይተዋል። ያንን መስመር አይተው «በገመድ ታስሮ ነበር» ያሉኝ ቤተሰቦች አሉ። ወደ አልጋው ተመልሰን አንሶላውን ስንዘረጋ እጥፋቱ ከመስመሩ ጋር ገጠመ።

አክስትዎ ሳያውቁት ያደረጉት ነገር እኛ የምናደርገው ምርመራ ነው። አውራ ጣትህን ጠቆር ባለው ቦታ ላይ አሳርፈህ ትጫናለህ፤ ስታነሳው የጣትህ ቅርጽ ገርጥቶ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ይመለሳል። ደሙ ገና በደም ሥር ውስጥ ስላለ ስትገፋው ይሸሻል፣ ስትለቀው ይመጣል። በዱላ የበለዘ ገላ እንዲህ አያደርግም። ምት የደም ሥርን በጥሶ ደሙን ሥጋው ውስጥ ስለሚያፈሰው ብትጫነውም አይሄድም፤ ቦታውም ያብጣል፣ ጠርዙም የተዘበራረቀ ይሆናል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቀይ የደም ሕዋሶች እየፈረሱ ቀለማቸው ወደ ሥጋ ስለሚሰርግ፣ የሞት ጥቁረትም በጣት ሲጫኑት አይሸሽም። በዚያን ጊዜ የሚለየው ቢላ ነው፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ ከደም ሥር የሚወጣው ደም በውኃ ይታጠባል፣ የበለዘው ግን ሥጋው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የአባትዎ ጀርባ ጠዋት ላይ ገና ይሸሽ ስለነበር ዱላ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የነጭ ሰው ቆዳን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። «ሐምራዊ ቀይ» የሚሉት በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በጣም ጠቆር ያለ ሰው ላይ ደግሞ ጭራሽ ላይለይ ይችላል። ቀለሙን ማየት የፈለገ መዳፍን፣ የእግር መርገጫን፣ የጥፍር ሥርንና የከንፈር ውስጡን ይመልከት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በከሰል ጭስ ምክንያት ነው። ክፍል ዘግቶ፣ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሞት ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ የጥፍሩ ሥርና ከንፈሩ የተኛ እንጂ የሞተ ሰው አይመስልም። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ አስከሬንም ሮዝ ሊመስል ስለሚችል ቀለሙ ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም ከሰል በነበረበት ቤት እንዲህ ያለ ቀለም ያየ ሰው ወዲያውኑ መስኮት ይክፈት፣ ሌሎቹንም ከክፍሉ ያውጣ።

አሁን ወደ መድረቁ። ጡንቻ ጉልበት የሚፈልገው ሲጨብጥ ብቻ ይመስለናል፤ ለመልቀቅም ይፈልጋል። ጡንቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አንዱ ሌላውን እየያዘ ይስበዋል። የያዘውን የሚያስለቅቀው ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ነዳጅ ነው። ከሞት በኋላ ነዳጁ እያለቀ ይሄዳል፤ ክሮቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ሰውየው በዚያ ሰዓት በነበረበት ሁኔታ ይደርቃል ማለት ነው፤ እጁ ደረቱ ላይ ከነበረ ደረቱ ላይ፣ አፉ ተከፍቶ ከነበረ ተከፍቶ።

መድረቁ በሁሉም ጡንቻ ላይ በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ ቶሎ የሚታየው ግን በትንንሾቹ ላይ ነው፦ የዓይን ቆብ፣ መንጋጭላ፣ አንገት፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ እግር። ይህን ቅደም ተከተል ኒስተን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1811 በአውሮፓውያን አቆጣጠር መዝግቦታል። መንጋጭላ ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታወቃል፤ በ12 ሰዓት ገደማ ሙሉ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይሆናል፤ ከዚያ ቆይቶ በመጣበት መንገድ ይለቃል። የሚለቀው ክሮቹ ራሳቸው መፍረስ ሲጀምሩ ነው። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል፦ አዳማ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በጥቅምት ብርድ ያረፈ ሰው ግን ሁለተኛው ቀን አልፎም እንደደረቀ ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት ላይ የነበረ ወይም ሲንዘፈዘፍ የሞተ ሰው ከሌላው ፈጥኖ ይደርቃል።

በእኛ ሙያ አንድ የቆየ የግምት መለኪያ አለ። ገላው ሞቆ ያልደረቀ ከሆነ ከ3 ሰዓት በታች፤ ሞቆ የደረቀ ከሆነ ከ3 እስከ 8 ሰዓት፤ ቀዝቅዞ የደረቀ ከሆነ ከ8 እስከ 36 ሰዓት፤ ቀዝቅዞ የለሰለሰ ከሆነ ከዚያ በላይ። ለፍርድ ቤት የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ይበቃል። አባትዎ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞቀው ደርቀው ነበር፤ መንጋጭላና ክንድ ደርቆ እግር ገና መሆኑም መሀል መንገድ ላይ እንደነበሩ ያሳያል። ወደ ኋላ ስንቆጥር ከማታው 4 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ያረፉት። ልጅቷ 4 ሰዓት ላይ መድኃኒት ሰጥቻቸዋለሁ ያለችው ከዚህ ጋር አይጋጭም።

እናቶቻችን ሰው እንዳረፈ ዓይኑን ይከድናሉ፣ አገጩን በነጠላ ቅዳጅ ያስራሉ፣ የእግሩን አውራ ጣቶች ያገናኛሉ፣ እጁን ያስተካክላሉ። ይህን የሚያደርጉት ሳይውል ሳያድር፣ ገላው ሳይደርቅ ነው፤ የኤቲፒን ስም ሳያውቁ ጊዜውን በትክክል ያውቁታል። ጊዜው ካለፈ ግን በጉልበት አይታጠፍ። በተለይ የአረጋዊ አጥንት ስስ ነው፤ ክንድ ሲጠመዘዝ ሊሰበር ይችላል፣ ያ ስብራት በኋላ ምርመራ ቢደረግ ሌላ ጥርጣሬ ይፈጥራል። መጋጠሚያውን ከሥር ደግፎ፣ እያሹ ቀስ እያሉ ማለማመድ ይሻላል። ግድ ካልሆነ ደግሞ መተው ነው፤ ራሱ ይለቃል።

«እህ» ያሉት ነገር ዘመዶቻችሁን እንዳስደነገጠ ይገባኛል። የመጨረሻው ትንፋሽ ከወጣ በኋላም ሳንባ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ አየር ይቀራል። ገላው ሲገላበጥ ደረትና ሆድ ይጫናል፤ አየሩ በድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ድምፅ ይሰጣል። እስትንፋስ አይደለም፤ ደረቱ ተመልሶ አይነሳም። ሽንትና ዓይነ ምድር የሚያመልጠውም የሚይዙት ጡንቻዎች ከሞት በኋላ መጀመሪያ ላይ ስለሚለቁ ነው።

አልጠየቁኝም እንጂ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ጥፍርና ጢም ከሞት በኋላ አያድጉም፤ ቆዳው ውኃ እያጣ ሲሸሽ ሥራቸው ስለሚገለጥ ረዝመው ይታያሉ። ዓይን ሳይከደን ከቀረ ደግሞ በነጩ ላይ ቡናማ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ብዙ ሰው በጥፊ የፈሰሰ ደም ይመስለዋል፣ የደረቀ ሽፋን ብቻ ነው። ዓይን በተከደነ ቁጥር ይህ አይመጣም።

የሁለተኛው ቀን ነገር ይበልጥ ከባድ ነው፤ እህትዎ የደረሱት በዚህ ሰዓት መሆኑም ያሳዝናል። አንጀታችን ውስጥ በሕይወት ዘመናችን ሁሉ አብረውን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሰው ሲሞት እነሱ አይሞቱም፤ የሚያግዳቸው የሰውነት መከላከያ ስለሌለ ዙሪያቸውን መብላት ይጀምራሉ። ብዛታቸው የበረታው የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እሱም ለቆዳ ቅርብ ሆኖ በቀኝ በኩል በታች፣ ትርፍ አንጀት ሲታመም የምንይዘው ቦታ ላይ ይገኛል። ባክቴሪያዎቹ የሚያወጡት፣ የገማ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ከደሙ ቀለም ጋር ሲዋሃድ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ የአረንጓዴው መነሻ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀኝ ሆድ ነው። በቀዝቃዛ አገር 2 እና 3 ቀን ይፈጃል፤ በሞቃት አገር በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ሚያዝያ ላይ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት አዳማ፣ መስኮቱ በተዘጋና ሰው በሞላበት ሳሎን ውስጥ፣ በማግስቱ ጠዋት መታየቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ ጋዙ እየበዛ ሆድን ይነፋል። የተነፋው ሆድ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳንባ ይጨመቃል፤ ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሞ መፍረስ የጀመረው፣ ከደም ቀለም ጋር የተቀላቀለ ፈሳሽ መውጫ ፍለጋ በአፍና በአፍንጫ ይወጣል። እርስዎ ያዩት ይህ ነው። ቀጠን ያለ፣ ቡናማ ቀይ፣ ሽታ ያለው፣ የማይረጋ ነው፤ የሚመጣውም ሆድ ከተነፋ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፦ አረንጓዴው መጀመሪያ፣ መነፋቱ ቀጥሎ፣ ፈሳሹ በመጨረሻ። እናንተ ቤት የሆነውም በዚሁ ተራ ነው። አንዳንዴ በዚያው ግፊት ምላስ ከጥርስ መካከል ይወጣል፣ ፊትም ያብጣል፤ «ታንቆ ነው» የሚባለው በዚህ ነው። ቀጥሎ የላይኛው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ይላጣል፤ «በፈላ ውኃ ተቃጥሏል» ይባላል።

ሐዋሳ ሳለሁ ከሐይቁ የወጣ የአንድ ወጣት አስከሬን መጣ። ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ውኃ ውስጥ የሰጠመ ገላ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ውስጡ ጋዝ ሲሞላ ነው ተመልሶ የሚንሳፈፈው፤ ያም የሆነው እንዲሁ ነው። ወንድሙ የቀኝ እጁን ሲያነሳ የመዳፉና የጣቶቹ ቆዳ ከነጥፍሩ እንደ ጓንት ተገፎ እጁ ላይ ቀረ። ወንድምየው ያን ቆዳ ይዞ «ማነው የገፈፈው?» እያለ ጮኸ። አጠገቡ ተቀምጬ፣ እኛ ልብስ ስናጥብ ጣታችን የሚጨማደደው ነገር በሞተ ሰው ላይ ሲቀጥል ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ከሥሩ እንደሚለቅ አስረዳሁት፤ የግራ እጁንም አሳየሁት፣ እሱም ሊላቀቅ ደርሶ ነበር። ቆዳውን አጥበን መልሰን አለበስነው፤ ከሌላው ገላ ጋር አብሮ ተገነዘ። ካስፐር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ያስቀመጠው ግምት አለ፦ አየር ላይ በ1 ሳምንት የሚሆነው ለውጥ፣ ውኃ ውስጥ 2 ሳምንት፣ አፈር ውስጥ 8 ሳምንት ይፈጃል። ግምት ነው፤ አፈር ምን ያህል እንደሚያዘገይ ግን ያሳያል።

መርዝን በተመለከተ አጎትዎን የምላቸው ይህን ነው። የተባይ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ማላታይን የወሰደ ሰው ዝም ብሎ በእንቅልፉ አይሄድም፤ ያስመልሰዋል፣ ያልበዋል፣ ምራቁና አረፋው ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ክፍሉም ልብሱም ይሸታል። እናንተ ማለዳ ስትገቡ ከዚህ አንዱንም አልጻፉልኝም፤ ፈሳሹ የታየው በማግስቱ ነው። መርዝ የጠረጠረ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከደም፣ ከሽንትና ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና እንጂ ከአስከሬን ቀለም አይደለም። ያም ከመታጠቡ፣ በተለይም አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚሰጠው ፎርማሊን ከመወጋቱ በፊት መሆን አለበት፤ ፎርማሊን ብዙ ምርመራዎችን ያበላሻል። እኔን ራሴን የሚያስጠረጥሩኝ ነገሮች ሌሎች ናቸው፦ በጀርባው ተኝቶ በተገኘ ሰው ደረትና ፊት ላይ የሰፈረ የማይሸሽ ጥቁረት፣ ምክንያቱም ከሞተ በኋላ ተገላብጧል ማለት ነው፤ አንገት ላይ የጥፍር ወይም የገመድ ምልክት፤ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ፤ ከንፈር ውስጥ በጥርስ የተሰነጠቀ ቁስል፤ እጅን ለመከላከል ያነሳ ሰው ክንድ ላይ የሚገኝ ብልዝ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ገላው ሳይነካ፣ ሳይታጠብ፣ ፖሊስ መጥራት ነው። ለብዙ ዓመታት ከየክልሉ አስከሬን ለምርመራ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይላክ የነበረውም እንዲህ ላለው ጥያቄ ነው።

አዳማም ሆነ ሐዋሳ፣ ዘመድ ከውጭ እስኪመጣ አስከሬን ማቆየት የሚፈልግ ቤተሰብ እየበዛ ነው። ስለዚህ ሌሎችም ይጠቀሙበት። ቀብሩ በዚያው ቀን ካልሆነ አስከሬኑን ለማስቀመጥ የሚወሰነው ጠዋት ነው፤ ሆድ ከተነፋ በኋላ ፍሪጅ ያዘገያል እንጂ አይመልስም። የሆስፒታል አስከሬን ክፍል ፍሪጅ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በዚህ ቅዝቃዜ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ፈጽሞ ግን አይቆምም። ከጥቂት ቀናት በላይ ከሆነ ፎርማሊን በባለሙያ በደም ሥር ይሰጣል፤ ፎርማሊን ፕሮቲንን እርስ በርሱ አያይዞ ስለሚያደርቀው ባክቴሪያው የሚበላው ያጣል። ቤት ውስጥ በመርፌ ሆድ ላይ መውጋት፣ ወይም አንሶላ ላይ መርጨት ግን ጥቅም የለውም፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

ለአንድ ሌሊት ብቻ ቤት የሚቆይ ከሆነ ብርድ ልብስና ወፍራም ጋቢ ተነስቶ ስስ ነጠላ ይልበሱ፤ መስኮት ይከፈት፤ ቬንትሌተር ካለ ይብራ፤ በረዶ በፌስታል ታስሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሆድና ጎን ላይ ይቀመጥ፣ ሲቀልጥ ይቀየር። ሻማውም ሰዉም ወደ ውጭ፣ ወደ ድንኳኑ ቢሆን መልካም ነው። አፍና አፍንጫ ውስጥ ጥጥ ማድረግ፣ ራስን በትራስ ከፍ ማድረግ ፈሳሹን ይቀንሳል፤ ፊትም በደም ጥቁረት እንዳይሸፈን ያግዛል። ዝንብ እንዳይደርስ መከላከል ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በዓይንና በአፍ ጥግ ዕንቁላል ለመጣል ብዙ አትቆይም። በግፊት ወይም በስኳር የሞተን ሰው ማጠብ ለአጣቢው አያሰጋም፤ ጓንት አድርጎ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። እንደ ኮሌራ፣ ኢቦላና ማርበርግ ያሉት ግን ሌላ ናቸው፤ በነዚህ የሞተን ሰው ቤተሰብ ማጠብ የለበትም።

ብብታቸው ለምን ሞቀ የሚለውን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አጎትዎ ልጅቷን የከሰሱበት ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ ነው። የሞተ ሰው ወዲያው አይቀዘቅዝም። ውስጠኛው ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት በላይ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ከዚያ በሰዓት በአማካይ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ይህም ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ስስ ልብስ ለለበሰ ሰው ነው። እጅና እግር ፊት ለፊት ስለተጋለጡ መጀመሪያ ይበርዳሉ፤ ብብት፣ ብሽሽትና ሆድ ግን ተሸፍነው ስላሉ ረጅም ሰዓት ይሞቃሉ። የአዳማ ሌሊት በሚያዝያ አይበርድም። አባትዎ በግድግዳ ተከልለው፣ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ አንሶላና ጋቢ ለብሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብብቱ ከሞተ ከ6 እና ከ7 ሰዓት በኋላም ሲሞቅ በራሴ እጅ ዳስሼ አውቃለሁ።

ማለዳ ላይ በእጃችሁ ያገኛችሁት ሙቀት ማታ 4 ሰዓት ላይ የደረበችላቸው ጋቢ ያቆየው ነው። ይህን ለአጎትዎ ሲነግሯቸው የአክስትዎን ጣት ነገርም አብረው ያንሱላቸው፤ እሷ በዓይኗ ያየችው ስለሆነ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እሷን ያምናሉ። ፖሊስ ጣቢያ የቀረ ነገር ካለ ሦስቱን ሰዓቶች በጽሑፍ ይስጡ፦ መጨረሻ የታዩበትን፣ የተገኙበትን፣ ጀርባቸው የታየበትን። ልጅቷ ጋ ደግሞ፣ ስልኳ ካለዎት፣ ዛሬውኑ ይደውሉ።